ቁጥሩ 137 ከሆነ 137 ብላችሁ ጻፉ

ጥያቄ

ይድረስ ለእትዬ። እንደምን ሰነበቱ? እኔ እዚሁ ጎጃም ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ትውልዴ ሞጣ ነው። የሴት ተማሪዎች መረዳጃ ክበብ ጸሐፊ ከሆንኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ግቢያችን የዓመቱን ምርጥ ክበብ እሸልማለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጥፏል። ማመልከቻው ከአምስት ገጽ እንዳይበልጥ፣ ፎቶና አንድ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲያያዝ ይላል። የመጨረሻው ቀን ግንቦት 15 ነው።

ክበባችን ቅዳሜ ቅዳሜ የ8ኛ ክፍል ሴት ልጆችን ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠናል። ሞዴስ ሰብስበን ለትምህርት ቤቱ እንሰጣለን። ፍሬሾች ሲገቡ መናኸሪያ ወርደን ሴቶቹን እንቀበላለን፣ ሻንጣ እንይዛለን፣ ዶርማቸው ድረስ እናደርሳለን።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። በስም መጥሪያችን ያሉት ልጆች 137 ናቸው። ፕሬዚዳንታችን ግን «ሌሎቹ ክበቦች አጋንነው ነው የሚጽፉት፣ እኛም 400 እንበል» ትላለች። ሁለተኛ፣ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ሶሮሪቲ የሚባል የሴት ተማሪዎች ማኅበር አባል ናት። ማኅበራቸው በግቢያቸው ሽልማት ያገኘበትን ማመልከቻ ላከችልኝ። በጣም ያምራል። ተርጉመን ብንጠቀምበትስ? ሦስተኛ፣ በመሀል ሰባት ሳምንት ጥናቱ ተቋርጦብን ነበር። እሱን እንዝለለው ወይስ እንጻፈው? አራተኛ፣ ልጆቹ ሞዴስ ሲቀበሉ ያነሳናቸው ፎቶዎች አሉ። እነሱን ብናያይዝ ዳኞቹን አይነካም? የስም መጥሪያውን፣ የቃለ ጉባኤያችንንና የማመልከቻችንን ረቂቅ ፎቶ ልኬልዎታለሁ።

የክበቡ ጸሐፊ

መልስ

ልጄ፣ እኔ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደብዳቤሽን ማታ ነው ያነበብኩት። የስም መጥሪያውን መጀመሪያ አልፌው ነበር። ኋላ ተመለስኩና መነጽሬን አድርጌ፣ እስክሪብቶና ወረቀት ይዤ አንድ በአንድ ቆጠርኩት። የቀዳሁት ቡና እንደተቀዳ ቀዘቀዘ። ለአብዛኛው ጥያቄሽ መልሱ እዚያው ወረቀት ላይ እንዳለ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

የቆጠርኩትን ልንገርሽ። የተለያዩት ስሞች 137 ናቸው፣ ልክ ብለሻል። ያስጠናችሁት 11 ቅዳሜ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ 96 ልጅ መጣ። በሁለተኛው 74፣ በሦስተኛው 52፣ በአራተኛው 41። እዚህ ስደርስ ልቤ ወረደ። ብዙ የተማሪ ክበብ የሚሞተው በዚህ መንገድ እንደሆነ አውቃለሁ። በአምስተኛው ቅዳሜ ግን 63 ሆነ። ከዚያ 75፣ 80፣ 84፣ 82፣ 81፣ በመጨረሻም 84።

በአራተኛውና በአምስተኛው ቅዳሜ መካከል ምን ተፈጠረ? ቃለ ጉባኤያችሁን ገለጥኩ። በአንቺው የእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተኩል አለች። አንዲት የመጀመሪያ ዓመት አባላችሁ ገበያ ሄዳ ከምታስጠኗቸው ልጆች አንዷን እንቁላል ስትሸጥ አገኘቻት። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ከእናቶቻቸው ጋር ገበያ እንደሚውሉ የገባችሁ ያኔ ነው። ጥናቱን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ወደ ቀኑ 9 ሰዓት አዛወራችሁት። ልጆቹ ተመለሱ።

ይህ ታሪክ ግን በማመልከቻችሁ ረቂቅ ውስጥ የለም! ሦስት ጊዜ ፈለግኩት። ረቂቁ «ክበባችን ዘርፈ ብዙ ተግባራትን በማከናወን ከፍተኛ አስተዋጽኦ ሲያበረክት ቆይቷል» ብሎ ይጀምራል። ልጄ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ከየትኛውም መሥሪያ ቤት ሪፖርት ላይ ቆርጠሽ ብትለጥፊው ልዩነት የለውም። ዳኛው ያን ቀን ምናልባት ሃያ ማመልከቻ ያነባል። ሃያውም ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያበረከቱ ናቸው። እንቁላል የምትሸጠው ልጅ ያለችበት ግን የእናንተው ብቻ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ቢጀምር ምን ይመስልሻል፦

«ጥናቱን የጀመርነው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። በአራት ሳምንት ውስጥ ከ96 ልጅ ወደ 41 ወረድን። አንዲት አባላችን ገበያ ላይ ከተማሪዎቻችን አንዷን እንቁላል ስትሸጥ አገኘቻት። ልጆቹ ቅዳሜ ጠዋት እናቶቻቸውን እንደሚያግዙ ያወቅነው በዚያን ቀን ነው። ሰዓቱን ወደ ቀኑ 9 አዛወርነው። በሦስተኛው ሳምንት 80 ደረስን።»

ስድስት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። አንድም «ከፍተኛ» የለበትም። በእኛ አገር የቅኔ ተማሪ ትምህርቱን የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው። የኔታ «ይበል!» የሚሉት ቤቱ ስለበዛ አይደለም። አምስት ገጽ ተፈቀደ ማለት አምስቱም ይሞላ ማለት አይደለም። ሦስት ገጽ ተኩል ከበቃሽ እዚያው አቁሚ።

አሁን ወደ 400ው ልምጣ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በአማኑኤል ከተማ የእድር ጸሐፊ ነበር። አማኑኤልን ታውቂያታለሽ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ ስትሄጂ የምታገኛት ናት። መዝገቡ ወፍራም ነው፣ ሽፋኑ ጥቁር። ማን ለቀብር እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን እንጀራ እንዳመጣ፣ ማን እንዳላመጣ ማታ በኩራዝ ይጽፋል። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ኩራዙን እይዝ ነበር። አንድ ቀን የእድሩ ዳኛ ቤታችን መጣና አንድ ዘመዱ ከቀብር ቀርቶ ሳለ እንደመጣ አድርገህ ጻፍልኝ አለው። ቅጣቱ ትንሽ ነበር። አባቴ ምንም አልመለሰም። መዝገቡን ዘጋና እናቴን ቡና አፍይ አላት። ቡናው ተጠጣ፣ ዳኛውም ሄደ። እነዚያ ሁለት ሰዎች ከዚያ በኋላም ዓመታት አብረው እድሩን መሩ። የጭቅጭቅ ቀን ሲመጣ ግን «መዝገቡ ይምጣ» ሲባል ማንም አልተከራከረም።

ያ መዝገብ አሁን ያንቺ እጅ ላይ ነው። 137 ከሆነ 137 ብለሽ ጻፊ።

ለፕሬዚዳንታችሁ ግን በክስ አትጀምሪባት። እሷም ክበቡን ስለምትወድ ነው 400 ያለችው። ሌላው ይበልጠናል የሚል ፍርሃት ነው። ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ ላውንጅ ቁጭ በሉ። የስም መጥሪያውን ዘርጊላት። ቁጥሩ ትልቅ እንዲሆንላት ከፈለገች በእውነት የሚገኝ ትልቅ ቁጥር አለ። የ11ዱን ቅዳሜ መገኘት ብትደምሪው 812 ይመጣል። በአማካይ በአንድ ቅዳሜ ወደ 74 ልጅ ማለት ነው። «137 ልጆች ተመዝግበዋል፤ በ11 ቅዳሜ በድምሩ 812 ጊዜ ለጥናት ተገኝተዋል» ብትሉ ቃል በቃል እውነት ነው። «812 ልጆች አስጠናን» ካላችሁ ግን ውሸት ነው። ሁለቱን ለይታችሁ ጻፉ። የሚቆጥር ዳኛ ካለ፣ ሁልጊዜም አንድ አይጠፋም፣ ይህን የለየ ክበብ ቀሪውንም ቁጥር በጥንቃቄ እንደያዘ ይገባዋል። 400 ብላችሁ የስም መጥሪያ አምጡ ብትባሉ ግን ምን ታሳያላችሁ? ይህን ጠይቂያት። መልሱን እሷው ራሷ ታገኘዋለች ብዬ አምናለሁ። አሻፈረኝ ካለችሽ ግን ጸሐፊ ብለሽ አትፈርሚ። በዚህ አልለሳለስልሽም።

ስለ ሰባቱ ሳምንት። አታፍሪበት። በእኛ አካባቢ ትምህርት ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ዳኞቹም ያውቁታል፣ እነሱም እዚሁ ነው የሚኖሩት። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ጥናቱ የተቋረጠው ከስምንተኛው ቅዳሜ በኋላ ነው። ያን ቀን 84 ልጅ ነበር። ሰባት ሳምንት ጠፍታችሁ ስትመለሱ 82 ልጅ መጣ። ሰማኒያ ሁለት! የ13 እና የ14 ዓመት ልጅ ሰባት ሳምንት የጠፋባትን አስጠኚ ጠብቃ ትመጣለች? እንዴት መለሳችኋቸው? ቤት ለቤት ዞራችሁ ነው? በክፍል አለቆቻቸው ነው? ለእናቶቻቸው ስልክ ደውላችሁ ነው? ቃለ ጉባኤው ላይ አላገኘሁትም። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። የተቋረጠበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊና የመለሳችሁበትን መንገድ ግማሽ ገጽ ስጪው። ልትዘይው የነበረው ቦታ ሁለተኛው ጠንካራ ታሪካችሁ ነው።

ወደ አክስትሽ ልጅ ማመልከቻ ልሂድ። ልጅቷ ስላሰበችልሽ አመስግኛታለሁ። አንባቢዎቻችን ግር እንዳይላቸው ግን ነገሩ ምን እንደሆነ ትንሽ ላስረዳ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የወንድ ተማሪዎች ማኅበር ፍራተርኒቲ፣ የሴቶቹ ሶሮሪቲ ይባላል። ቃሎቹ ወንድማማችነትና እኅትማማችነት እንደ ማለት ናቸው። ስማቸው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት የግሪክ ፊደል ስለሆነ «ግሪኮች» እየተባሉ ይጠራሉ። ከግሪክ አገር ጋር ግን ዝምድና የላቸውም። በግሪክ ፊደል የተሰየመው የመጀመሪያው የተማሪዎች ማኅበር ፋይ ቤታ ካፓ ነው። እ.ኤ.አ. በ1776 ቨርጂኒያ ውስጥ በዊልያምና ሜሪ ኮሌጅ ተመሠረተ። እኔ ይበልጥ ልቤን የሚነካው የጥቁር ተማሪዎቹ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሰባት ጥቁር ተማሪዎች አልፋ ፋይ አልፋን መሠረቱ። በዚያ ትልቅ ግቢ ውስጥ ጥቂት ነበሩ፣ ብቸኝነቱም ከባድ ነበር። በጥናትም በኑሮም መደጋገፍ ነበረባቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1908፣ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ሴት ተማሪዎች አልፋ ካፓ አልፋ የተባለውን ሶሮሪቲ አቋቋሙ። በጥቁር ሴት ተማሪዎች የተመሠረተ የመጀመሪያው ሶሮሪቲ እሱ ነው።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዋሸራ የነበሩ የቆሎ ተማሪዎችን ጠይቂ። በአንድ ጎጆ ያድራሉ። ታላቁ ታናሹን ያስጠናል። አንዱ ሲታመም ጤነኛው ለሁለት ይለምናል። እናቶቻችንስ በየወሩ ጽዋ ሲጠጡ፣ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያቸው፣ «እገሊት ምነው ቀረች?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ያ ምንድነው? ሰው ከቤቱ ሲርቅ ወንድምና እኅት ይፈልጋል። አንቺም ከሞጣ መጥተሽ ዶርም ስትገቢ የፈለግሽው ይህንኑ ነው።

እንዲያም ሆኖ ማመልከቻውን አትተርጉሚው። የሰው ልብስ ነው። እነሱ «እኅቶቻችን» ሲሉ መቶ ዓመት ያለፈው ሥርዓት፣ መሐላ፣ ከተመረቁ በኋላም የሚቀጥል አባልነት አለበት። የእናንተ ክበብ ግን ስም፣ ማኅተምና አንድ የተዋሳችሁት ካቢኔት ነው ያለው። ያ ደግሞ ነውር አይደለም። እንዳለ ጻፉት። አንድ ዳኛ የተተረጎመ ዓረፍተ ነገር ሲያይ ወዲያው ያውቀዋል፣ አማርኛው ይንገዳገዳልና።

መውሰድ ያለብሽ ጥያቄዎቹን ነው። የእነሱ ቅጽ ምን ምን እንደሚጠይቅ ልብ ብለሻል? እዚያ እንዲህ ያሉ ሽልማቶች ላይ የጉልበት አገልግሎትና የገንዘብ ልገሳ ለየብቻ ይቆጠራሉ። አባላት በእጃቸው የሠሩበት ሰዓት በአንድ ወገን፣ የተሰበሰበው ገንዘብ በሌላ ወገን። የእናንተ ረቂቅ ግን ሞዴሱንም ጥናቱንም «ድጋፍ አድርገናል» ብሎ አንድ ላይ ጠቅልሎታል። ለዩት። ስንት አባል ስንት ሰዓት አስጠና? ሞዴሱ ስንት ፓኬት ነበር? ስንቱ ተለምኖ መጣ፣ ስንቱ ከኪሳችሁ ተገዛ? ከኪስ የወጣውን የደበቃችሁት በትሕትና ይመስለኛል። ከኪሷ የምታዋጣ የካፌ ተማሪ ምን ያህል እንደምትቸገር አውቃለሁና ይጻፍ።

ሌላው ውጤት ነው። እነሱ ዘንድ የአባላቱ አማካይ ጂፒኤ ከግቢው ተማሪዎች አማካይ ጋር ይነጻጸራል። ሰው እየረዳችሁ እናንተ ወደቃችሁ ወይ ማለታቸው ነው፣ ተገቢ ጥያቄም ነው። የእናንተ ማስታወቂያ ይህን ካልጠየቀ ግዴታ የለባችሁም። ጥሩ ከሆነ ግን በአንድ መስመር ጨምሩት። አባላቱን አስቀድመሽ አስፈቅጂ፣ የማንንም ውጤት በስም አትጻፊ፣ አማካዩን ብቻ።

ሦስተኛው ጥያቄያቸው ከሁሉም ይከብዳል። አዲስ አባላትን እንዴት ነው የምትቀበሉት ብለው ይጠይቃሉ። ምክንያት አላቸው። እዚያ አንዳንድ ማኅበራት አዲስ ገቢን እያዋረዱ፣ እየደበደቡ፣ መጠጥ በግድ እያጠጡ ሲቀበሉ ኖረዋል። ሄዚንግ ይሉታል። ልጆች ሞተውበታል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ላይ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ድርጊት መዝግበው እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ እስከመውጣት ደርሷል። እናንተ ደግሞ ፍሬሽ ሴቶችን የምትቀበሉት መናኸሪያ ወርዳችሁ፣ ሻንጣ ተሸክማችሁ፣ ከባጃጅ ጋር ዋጋ ተከራክራችሁ ነው። ረቂቃችሁ ላይ ይህ ሥራ «የአቀባበል ሥነ ሥርዓት ተከናውኗል» የሚል አንድ መስመር ሆኖ ቀርቷል። አሳዘነኝ። ማታ 1 ሰዓት ላይ ከአውቶቡስ ወርዳ ማንንም የማታውቅ የ18 ዓመት ልጅ «የግቢ ተማሪ ነሽ? እኛ ነን፣ ነይ» ስትባል ምን እንደሚሰማት ከእናንተው መካከል አንዷ ትጻፈው። ባለፈው ዓመት በእናንተ የተቀበለችና ዘንድሮ ተቀባይ የሆነች ልጅ ካለች፣ እሷ ናት ጸሐፊዋ።

«ተከናውኗል» ስል ትዝ አለኝ። «ተደርጓል፣ ተሰጥቷል፣ ተከናውኗል» የሚሉትን በሙሉ በቀይ እስክሪብቶ አክብቢያቸው። ማን አደረገው? የሠራው ሰው ይታይ። የመጀመሪያ ዓመቷ ልጅ ገበያ ሄዳ ጠየቀች፣ እናንተም ሰዓቱን አዛወራችሁ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቅዳሜ የማይሠራበት ቀን ሆኖ ሳለ ክፍል ከፈተላችሁ።

ዘበኛውን ካነሳሁ አይቀር፣ የድጋፍ ደብዳቤውን ከማን እንደምትወስዱ አስቡበት። አብዛኛው ክበብ ወደ ትልቅ ቢሮ ይሮጣል። እዚያ ያለው ኃላፊ ሥራችሁን አይቶት አያውቅም፣ «ክበቡ ታታሪ ነው» ብሎ ማኅተም ያደርግላችኋል። ሥራውን በዓይኑ ያየው የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ነው፣ ወይም የሒሳብ አስተማሪዋ። ዘበኛውም ቢሆን ሁለት መስመር ቢያስጽፍና ቢፈርም እኔ ዳኛ ብሆን ከሁሉ አስቀድሜ የማነበው የሱን ነው።

መግቢያችሁ ላይ «ትምህርት የልማት ቁልፍ ነው» የሚለውንም አውጡት። ለምን 8ኛ ክፍልን እንደመረጣችሁ በአንድ እውነት አሳዩ። በጥቅምት 2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጠ። ውጤቱ ሲነገር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ቀን አገር ሙሉ ደንግጧል። 12ኛ ክፍል ላይ የሚታየው ክፍተት ታች የተጀመረ ነው። እናንተ ታች ወርዳችሁ 8ኛ ክፍልን ያዛችሁ። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ካላችሁት ይበቃል።

ፎቶውን ለመጨረሻ ያቆየሁት እኔ ራሴ ያጠፋሁት ስላለ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ ኮሌጅ ሳስተምር የበጎ አድራጎት ክበቡ አማካሪ ነበርኩ። ተማሪዎቹ የአንዲት ብቸኛ አሮጊትን ቤት ጠገኑ። ጣሪያው ሳር ነበር፣ አርጅቶ ያፈሳል። 24 ቆርቆሮ ለምነው አመጡ፣ በሁለት ቅዳሜ ከደኑት። እኔ ካሜራ ይዤ ነበር። ከመጀመራችን በፊት እናትዬዋን ከፈረሰው ግድግዳ ፊት አቁሜ፣ የተቀደደ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ባዶ እግራቸውን፣ ፎቶ አነሳኋቸው። ፈቃድ አልጠየቅኩም። ፎቶው ከማመልከቻው ጋር ገባ። ክበቡም አሸነፈ። ከዚያ ፎቶው በትልቁ ታጥቦ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጣ፣ ከሥሩ «ከ» እና «ወደ» ተብሎ ተጽፎ። የልጅ ልጃቸው እዚያው ኮሌጅ ትማር ነበር። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ልጅቷ ለአንድ ሳምንት ክፍል አልገባችም።

እናትዬዋን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ወንበር ሰጡኝ፣ ጠላ ቀዱልኝ። ከዚያ ቀስ ብለው «ጣሪያዬን ከደናችሁልኝ፤ እኔን ግን ገለጣችሁኝ» አሉኝ። እስከ ዛሬ ካሜራ ባየሁ ቁጥር ይህ ቃል ይመጣብኛል። ፎቶውን ያን ዕለት አወረድኩት፣ ልጅቷን ግን ለመመለስ ወር ፈጅቶብኛል።

ስለዚህ ልጄ፣ ሞዴስ ስትቀበል የተነሳች የ14 ዓመት ልጅ ፎቶ የትም አይግባ። ዳኛ ይነካል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አዎ ይነካል። ልጅቷ ግን ሰኞ ክፍል ውስጥ ወንዶቹ ፊት ነው የምትቀመጠው። ፎቶዎቹን ከስልኮቻችሁም ከቴሌግራም ግሩፓችሁም አጥፏቸው፣ ዛሬውኑ። በምትኩ የስም መጥሪያውን ፎቶ አያይዙ፣ ስሞቹን በወረቀት ሸፍናችሁ ምልክቶቹ ብቻ ይታዩ። በአራተኛው ቅዳሜ ሲሳሳ፣ በአምስተኛው መልሶ ሲሞላ ዓይን ያየዋል። ሁለተኛው በጠመኔ የተሞላው ሰሌዳ ይሁን። ሦስተኛው እናንተ አስጠኚዎቹ። የናንተን ፊት አሳዩ፣ ፈቃዱ የናንተው ነውና።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አጭር ጥያቄ ከባሕር ዳር ደርሶኛል። አንድ የፖሊ ተማሪ «አምና ተወዳድረን ተሸነፍን፣ ምክንያቱን መጠየቅ ነውር ነው ወይ? አባሎቻችን ቀዝቅዘዋል» ይላል። ነውር የለውም፣ የእኔ ልጅ። አጠያየቁ ነው የሚወስነው። «ለምን አላሸነፍንም?» ብለህ ከሄድክ አቤቱታ ይሆናል፣ በርም ይዘጋብሃል። «የትኛው ክፍል ላይ ደካማ ነበርን? ዘንድሮ እናስተካክል» በል። በጽሑፍ፣ በክበቡ ማኅተም፣ ለአንድ ሰው ብቻ። መልስ ካገኘህ ለአባላቱ በስብሰባ አንብብላቸው። ስለቀዘቀዙት ግን ሽልማቱ አያሞቃቸውም። የተመረቁትን ጥራ። ስልካቸው አለህ። አንድ እሑድ ይምጡና ክበቡ ሲጀመር የነበረውን ይንገሯቸው።

ወደ ሞጣዋ ልጄ ልመለስና ልጨርስ። የመጨረሻው ቀን ግንቦት 15 ነው ብለሻል። ግንቦት 10 ላይ ጽፋችሁ ጨርሱ። ከዚያ ክበቡ ውስጥ የሌለች አንዲት የዶርም ልጅ ጮክ ብላ ታንብብላችሁ። የተደናቀፈችበትን ቦታ አስተካክሉ። የመጀመሪያ ዓመቷን ልጅ፣ ገበያ የሄደችውን፣ እሷ ፈቅዳ ከሆነ በስሟ ጻፏት። እንቁላል የምትሸጠውን ልጅ ስም ግን አትጻፉ።

ፕሬዚዳንታችሁን ሰላም በይልኝ። ለእኔም፣ ብታሸንፉም ባታሸንፉም፣ በ12ኛው ቅዳሜ ስንት ልጅ እንደመጣ ጻፊልኝ።